የዓሣ መኖ ፕሮባዮቲክ፦ ዓሣው አፍ ድረስ በሕይወት የሚደርሰው የትኛው ነው?

«ጭንቀትን ይቀንሳል፣ በሽታን ይከላከላል፣ ዕድገትን ያፋጥናል» የሚል ጽሑፍ የሌለበት የፕሮባዮቲክ ማሸጊያ ማግኘት ይከብዳል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ግን ከምርት ምርት በጣም ይለያያል። እዚህ የምንገመግመው ከመኖ ጋር የሚሰጡትን ሦስት ዓይነቶች ነው፦ የባሲለስ ስፖር (ደርቆና ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛ ባክቴሪያ) ዱቄት፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ እና ሕያው እርሾ። የምንመዝንበትም አንድ ጥያቄ ነው። ዓሣው በመረብ ሲያዝ፣ ሲጓጓዝ፣ ሲጨናነቅ ወይም ውሃው ድንገት ሲለወጥበት፣ በምን ያህል ፍጥነት አገግሞ ወደ መኖው ይመለሳል? የዕድገት ጉዳይ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በሞቀ ውሃ ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይም ካርፕ ለሚያረባ ሰው የስፖር ዱቄት ይሻላል። ጭንቀትን በተመለከተ ጠንከር ያለ ማስረጃ የቀረበው በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ነገር ግን ከፋብሪካ እስከ ገንዳ ባለው መንገድ ላይ አብዛኛው ይሞታል። የሞተ ባክቴሪያ ደግሞ ፕሮባዮቲክ አይባልም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጡት ትርጓሜ፣ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ ጤና የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። «ሕያው» እና «በበቂ መጠን» የሚሉትን ሁለት ነጥቦች ይዘን እያንዳንዱን ምርት እንይ።

ጭንቀቱ አንጀት ላይ ምን ያደርጋል

ዓሣ ሲደነግጥ በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይለቃል። ቀጥሎም ከአንጎሉ የሚነሳው ትእዛዝ በፒቱታሪ ዕጢ በኩል አልፎ የኩላሊቱን የፊት ክፍል ኮርቲሶል እንዲያመነጭ ያደርገዋል። ኮርቲሶል ከጉበት ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ ያግዛል፤ ዓሣው ለመሸሽና ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚያገኘው በዚህ ነው። ለአጭር ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው። ሲራዘም ግን የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፣ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣም ከሰውነቱ ጨው እየጠፋ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባበታል።

አርቢዎች ብዙ ጊዜ የማያዩት ጉዳት አንጀት ውስጥ ያለው ነው። በጭንቀት ጊዜ የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍነው ልጋግ ይላጣል፣ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ትስስርም ይላላል። እስከዚያ ድረስ ጉዳት ሳያደርስ የኖረው እንደ ኤሮሞናስ ያለ ባክቴሪያ በዚያ ክፍተት አልፎ ወደ ደም ይገባል። ከጉዞ በደህና የደረሱ ጫጩቶች ከቀናት በኋላ ሆዳቸው ቀልቶ፣ የክንፋቸው ሥር ደምቶ የሚሞቱት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። አርቢው ግን «አዲሱ ውሃ አልተስማማቸውም» ብሎ ያልፈዋል።

ፕሮባዮቲክ የሚሠራው እዚህ ቦታ ላይ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ ቀድሞ ይይዛል፣ ጎጂው ባክቴሪያ የሚመገበውን ይሻማል፣ አሲድና ሌሎች ጀርም የሚገቱ ነገሮች ያመነጫል፣ የአካባቢውን መከላከያም ያነቃቃል። ውጤቱ ከአንጀት አልፎም ይታያል። በ2006 በታተሙ ጥናቶች፣ ላክቶባሲለስ የተመገቡ የአውሮፓ ባሕር ባስ ጫጩቶች የኮርቲሶል መጠናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በጊልትሄድ ባሕር ብሪም ጫጩቶች ላይ በተደረገው ሙከራ ደግሞ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መጠኑ) ድንገት ሲለወጥ፣ ፕሮባዮቲክ ካልበሉት ይልቅ የበሉት በቁጥር ያነሱ ሞተዋል፤ ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቀው ኤችኤስፒ70 የተባለው ፕሮቲንም በእነሱ ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል።

ፕሮባዮቲክ የማይሠራበትም ቦታ አለ። የሟሟ ኦክስጅን በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ የሚያድር ገንዳ፣ ወይም መርዛማው አሞኒያ ከ0.05 ሚሊ ግራም በላይ የሚቆይበት ውሃ በመኖ አይስተካከልም። ቆሮሶ 3 ሚሊ ግራም ላይ ሆኖ በሕይወት ይቆይ ይሆናል፤ ነገር ግን በየሌሊቱ እየተጨነቀ ያድራል። እንዲህ ያለ ገንዳ ያለው ሰው ለፕሮባዮቲክ የመደበውን ገንዘብ መጀመሪያ ለአየር ማስገቢያ ያውለው።

የባሲለስ ስፖር ዱቄት

በብዛት የሚገኙት ባሲለስ ሰብቲሊስ እና ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ ናቸው፤ አንዳንዱ ምርት ባሲለስ ፑሚለስ ወይም ባሲለስ አሚሎሊኩዌፋሺየንስ ይጨምርበታል። ቀሪው የከረጢቱ ይዘት ተሸካሚ ዱቄት ነው፦ ማልቶዴክስትሪን፣ ደክስትሮዝ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም የሩዝ ገለባ ዱቄት። ባክቴሪያው የተኛው በስፖር መልክ፣ ማለትም ደርቆና ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ነው። በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ደቂቃ ቢሞቅ አይሞትም። በቆሮሶ ሆድ ውስጥ ያለውን፣ ፒኤቹ ከ2 በታች ሊወርድ የሚችል አሲድም አልፎ አንጀት ሲደርስ ይነቃል።

ይህ ጥንካሬው ለአርቢው ብዙ ነገር ያቀልለታል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ደረቅ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። በእንፋሎት በሚጋገር እንክብል ውስጥ ገብቶም አብዛኛው ይተርፋል። ከ120 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው ኤክስትሩደር (ተንሳፋፊ መኖ የሚሠራ ማሽን) ውስጥ ግን ስፖርም ቢሆን ብዙ ስለሚያልቅ፣ ተንሳፋፊ መኖ የሚጠቀም ሰው ዱቄቱን እንክብሉ ከተሠራ በኋላ ከላይ ቢቀባው ይሻላል።

ድክመቱ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አብዛኞቹ የንግድ ዝርያዎች የሚመቻቸው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ሙቀት ነው። 12 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ባለ ትራውት አንጀት ውስጥ፣ ስፖሩ ሳይነቃ ከኩስ ጋር የሚወጣበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ለሞቃት ውሃ ዓሣ በደንብ የሠራ ከረጢት ለትራውት ምንም ላይፈይድ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱም የምርቱ ሳይሆን የምርጫው ነው።

የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ

እዚህ ውስጥ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም፣ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ፣ ላክቶኮከስ ላክቲስ እና ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲ ይገኛሉ። የመጨረሻው በአውሮፓ ኅብረት ለሳልሞን ዘመዶችና ለሽሪምፕ መኖ ፈቃድ ያገኘ ዝርያ ስላለው፣ ሰነዱ የተሟላ ምርት ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። ስፖር ስለማይሠሩ ግን በሙቀት፣ በእርጥበትና በፀሐይ በፍጥነት ይሞታሉ። አብዛኛዎቹ ዱቄቶች 4 ዲግሪ አካባቢ መቀመጥ አለባቸው። ሻጩ ጋ መደርደሪያ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ የከረመ የላክቶባሲለስ ዱቄት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ይኖረዋል ብሎ ማመን አይቻልም።

በእኛ ግምት ቦታቸው ጫጩት ማስፈልፈያ ነው። እዚያ መኖው በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይዘጋጃል፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ የጫጩቶቹ አንጀት ገና በባክቴሪያ አልተያዘም። በሮቲፈር ወይም በአርቴሚያ (ጥቃቅን የውሃ እንስሳት) ለሚጀምሩ ዓሦች ደግሞ ባክቴሪያውን እነዚህ ሕያው ምግቦች ባሉበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ጨምሮ፣ እነሱ ከዋጡት በኋላ ለጫጩቱ መስጠት ይቻላል። ለማሳደጊያ ኩሬ በኩንታል መኖ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን አንመክራቸውም።

ሕያው እርሾ

ሳካሮማይሰስ ሰረቪሲዬ ከሁለቱ የተለየ ጥቅም አለው። ባክቴሪያ ገዳይ የሆነ መድኃኒት እርሾን አይገድለውም፤ ስለዚህ ዓሣው በኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም በፍሎርፌኒኮል ሲታከም አብሮ ሊሰጥ የሚችለው ብቸኛው ዓይነት ነው። በሕዋሱ ግድግዳ ያለው ቤታ ግሉካን የዓሣውን መከላከያ ያነቃቃል፤ ማናን ደግሞ አንዳንድ ጎጂ ባክቴሪያዎች ከአንጀት ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ ያግዛል። የተለመደው መጠን ለኪሎ መኖ ከ1 እስከ 5 ግራም ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የእርሾ ምርት» የሚለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። የቢራ እርሾ ተረፈ ምርት፣ የደረቀ የሞተ እርሾ፣ የእርሾ ግድግዳ ብቻ እና ሕያው እርሾ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥሩ መኖ ወይም ጥሩ ማነቃቂያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በፕሮባዮቲክ ስም መሸጥ ግን የለባቸውም። ማሸጊያው በግራም ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለ ካልጻፈ፣ ውስጡ ያለው ከሦስቱ አንዱ ነው ብሎ መያዝ ይሻላል።

ማሸጊያውን ማንበብ

በአብዛኛዎቹ ሙከራዎች ላይ የሚታየው መጠን በአንድ ግራም መኖ ከ1 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ሕያው ሕዋስ ነው፤ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ሲኤፍዩ ይባላል። ለመነሻ 10 ሚሊዮን ጥሩ ግብ ነው። በኪሎ ሲሰላ 10 ቢሊዮን ይሆናል። አሁን ማሸጊያውን ይመልከቱ። በግራም 10 ቢሊዮን የሚል ከሆነ ለአንድ ኪሎ መኖ 1 ግራም ይበቃል። 2 ቢሊዮን ከሆነ 5 ግራም ያስፈልጋል። 100 ሚሊዮን ብቻ ከሆነ ግን 100 ግራም ነው፤ ይህ ማለት ከመኖው ጋር በኪሎ 100 ግራም ተሸካሚ ዱቄት ለዓሣው ማብላት ነው። እንዲህ ያለውን ምርት ቢተዉት ይሻላል።

አንዳንድ አምራች ቁጥሩን በግራም ሳይሆን በከረጢት ይጽፋል። «500 ቢሊዮን» የሚለው ትልቅ ይመስላል፤ ከረጢቱ 500 ግራም ከሆነ ግን በግራም 1 ቢሊዮን ብቻ ነው። «ለኪሎ 2 ግራም ይጠቀሙ» የሚለውን መመሪያ ተከትለው ቢሰጡ በግራም መኖ 2 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከዝቅተኛው ወሰን ብዙም አይርቅም፣ በመቀባት ጊዜ የሚጠፋው ሲቀነስም ከዚያ ያንሳል። መመሪያውን ከመከተል በፊት ይህን ስሌት መሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩ የተጻፈው ለመቼ እንደሆነም ይጠይቁ። «በምርት ቀን» ከሆነ ዋጋው ትንሽ ነው። «እስከ ማብቂያ ቀኑ ድረስ ከዚህ የማያንስ» የሚል አምራች ግን ዋስትና እየሰጠ ነው።

ከሁሉም በላይ የዝርያው መለያ ቁጥር መጻፍ አለበት። «ባሲለስ» ወይም «ጠቃሚ ባክቴሪያ» ብቻ የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ ምክንያቱም ከባሲለስ ቤተሰብ ባሲለስ ሴሪየስ መርዝ የሚያመነጭ ሲሆን፣ ከኢንትሮኮከስ ደግሞ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይን ለሌሎች ባክቴሪያዎች የሚያስተላልፉ አሉ። የባሲለስ ቶዮይ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዓሣ እርባታ ላይ ከተሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሮባዮቲኮች አንዱ ሲሆን፣ በ1986 በየሎውቴይል ዓሣ ላይ በጎ ውጤት እንዳለው ተዘግቦለት ነበር። ከረጅም ዓመታት አገልግሎት በኋላ ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2013 የመኖ ፈቃዱን አገደ፤ ምክንያቱ ከመድኃኒት መቋቋምና ከመርዝ ማመንጨት ጋር የተያያዘ ነበር። የመለያ ቁጥር የሌለው ከረጢት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ማንነቱ አይታወቅም።

መቀባቱ

ጥሩ ምርት የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው። ዱቄቱን ደረቅ እንክብል ላይ በትኖ ማማሰል ምንም አይጠቅምም፤ መኖው ውሃ ሲነካ ዱቄቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ዓሣውም ባዶ እንክብል ይውጣል።

ለስፖር ዱቄት በጣም የምንወደው ዘዴ ዘይት ብቻ መጠቀም ነው። ለ10 ኪሎ መኖ 200 ሚሊ ሊትር የዓሣ ወይም የአትክልት ዘይት ይለኩ። የተሰላውን ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ጓል እስኪጠፋ ያማስሉ። መኖውን በንጹሕ ሸራ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዘርግተው ግማሹን ያርከፍክፉ፣ ይገልብጡ፣ ቀሪውን ይጨምሩ። ዱቄቱ ቶሎ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ዘይቱን በየመሃሉ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘነጋ የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዝና ሌላው ባዶ ይቀራል። ብዙ መኖ ለሚያዘጋጅ ሰው በደንብ የታጠበና የደረቀ ትንሽ የሲሚንቶ ማቡኪያ ከእጅ የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ እንክብሉን ይሰባብራል። በጥላ ሥር 30 ደቂቃ ዘይቱን እንዲመጥ ይተዉት። በዚህ መንገድ የተቀባ መኖ እርጥበት ስላልገባበት እስከ አንድ ሳምንት በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ ዘይቱ መቆምጠጥ ይጀምራል።

ለላክቲክ አሲድ ባክቴሪያና ለእርሾ ውሃ ያስፈልጋል። ለኪሎ መኖ ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሊትር፣ ከ35 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ ይጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም ሰፊ ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ማሳደር ነው፤ ክሎሪን ፕሮባዮቲኩን ገና ዕቃው ውስጥ ሳለ ይገድለዋል። ከረጩ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቀው ለኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ከላይ ይቀቡ፤ ዘይቱ ባክቴሪያው ገንዳው ውስጥ ታጥቦ እንዳይሄድ ይሸፍነዋል። እርጥበቱን ልብ ይበሉ፦ 9 በመቶ እርጥበት ያለው መኖ በኪሎ 35 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመርበት ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። ሻጋታ የሚጀምረው ከዚህ አካባቢ ስለሆነ፣ በውሃ የተቀባ መኖ በዕለቱ ማለቅ አለበት። ፀሐይ ላይ ማድረቅም መፍትሔ አይደለም፤ ጨረሩ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ከታች ቀስ ብለው ለሚለቅሙ ዓሦች ጄላቲን ይረዳል። ለኪሎ መኖ 20 ግራሙን በሞቀ ውሃ አሟሙተው ከ40 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ባክቴሪያውን ይጨምሩ። ሙቀቱን በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለኩ።

የሚበላሸው የት ነው

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ባክቴሪያ ፕሮባዮቲክ በአንድ መኖ ላይ መስጠት ገንዘብ ማጥፋት ነው። ሕክምናው ይለቅ፣ ከዚያ ፕሮባዮቲኩ ይጀመር፤ የመድኃኒቱ ዘመን አንጀቱን ባዶ አድርጎ ስለሚተወው ይህ በጣም የሚጠቅምበት ጊዜ ነው። ሻጋታ መከላከያ አሲድም ከሕያው ባክቴሪያ ጋር በአንድ ፈሳሽ ውስጥ አይቀላቀልም።

ለውሃ ተብሎ የሚሸጥን ምርት መኖ ላይ መቀባት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የውሃው ዓይነት የታችኛውን ዝቃጭ ለማብላላት የተመረጠ ነው፤ አንዳንዱም አሞኒያን የሚለውጡ፣ አንጀት ውስጥ ሥራ የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይይዛል። አንድ ኪሎ ዱቄት ገዝቶ በሞላሰስ አብቅሎ «ማብዛት»ም እንደሚመስለው ትርፋማ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ በአልታጠበ በርሜል በሚበቅል ፈሳሽ ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባክቴሪያ ቀድሞ ሊገንን ይችላል። ፈሳሹ ኩሬ ውስጥ ሲደፋም ስኳሩን የሚበሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በዚያው ሌሊት ኦክስጅኑን ያወርዱታል፤ ጭንቀት ለመቀነስ የተደረገው ነገር ራሱ ጭንቀት ይፈጥራል።

መጠን ማብዛትም ውጤት አያበዛም። የአንጀቱ ግድግዳ የሚይዘው ውሱን ነው፤ ትርፉ ከኩስ ጋር ይወጣል።

ምርቱን መፈተን

በአቅራቢያ የባክቴሪያ ቤተ ሙከራ ያለው አርቢ አዲስ ከረጢት ሲገዛ አንድ ግራም ያስቆጥር። አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ግራም ዱቄት በ9 ሚሊ ሊትር 0.85 በመቶ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወደ ሌላ 9 ሚሊ ሊትር እየተዛወረ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ በአሥር በአሥር ይቀጥናል። ከመጨረሻው 0.1 ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ ይዘራል። ለባሲለስ ስፖር የመጀመሪያው ብጥብጥ ቀድሞ በ80 ዲግሪ 10 ደቂቃ ይሞቃል፤ ስፖር ያልሆነው ሁሉ ይሞትና ቁጥሩ የስፖሩ ብቻ ይሆናል። በማግስቱ ሳህኑ ላይ 52 ነጠብጣብ ቢቆጠር፣ በግራም 5.2 ቢሊዮን አለ ማለት ነው። ለላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ማብቀያው ኤምአርኤስ የሚባለው ሲሆን 48 ሰዓት ይወስዳል። ነጠብጣቦቹ ከ30 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆኑ በሌላ ቅጥነት መድገም ነው። ከተቀባው መኖ ላይም በዚሁ መንገድ ቢቆጠር ከከረጢቱ ቁጥር የበለጠ ይናገራል፤ ዓሣው የሚበላው እሱን ነውና።

ዓሣው ላይ ያለውን ውጤት ለማወቅ ስድስት እኩል ገንዳዎች ይበቃሉ። ሦስቱ ፕሮባዮቲክ ያለው መኖ፣ ሦስቱ ያንኑ ዘይት ብቻ የተቀባ መኖ ለ28 ቀን ይበላሉ። መኖ የሚሰጠው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ከዚያ ለ24 ሰዓት መኖ ከልክሎ ሁሉንም ገንዳ በእኩል ማስጨነቅ ነው፦ ለምሳሌ ዓሦቹን በመረብ አውጥቶ 60 ሰከንድ አየር ላይ መያዝ። ከመጨነቃቸው በፊት፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ6 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ከየገንዳው አምስት አምስት ዓሣ ወጥቶ ከጭራው ሥር ደም ይወሰዳል። ለሰው የሚሠራው የእጅ ስኳር መለኪያ ለዓሣ ደም ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። የመጀመሪያው ናሙና ዓሣው ከተያዘ በ3 ደቂቃ ውስጥ መወሰድ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ መያዙ ራሱ ኮርቲሶሉን ማውጣት ይጀምራል። አንዴ ደም የተወሰደበት ዓሣ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰዓት አይቆጠርም።

ሲነበብ አንድ ነገር ልብ ይባል። ጥሩ ፕሮባዮቲክ ድንጋጤውን አያጠፋውም። በ1 ሰዓት በሁለቱም ወገን ስኳር መውጣቱ ጤናማ ነው፤ መረብ ነክቶት ስኳሩ ንቅንቅ የማይል ዓሣ ብዙ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ተጨንቆ የደከመ ነው። የሚፈለገው ልዩነት በ6ኛው ሰዓት ላይ ነው፦ የበሉት ወደ መነሻቸው ሲቃረቡ ያልበሉት ገና ከፍ ብለው ይገኛሉ። መለኪያ የሌለው ሰው በማግስቱ የተመዘነ መኖ ሰጥቶ በስንት ደቂቃ እንደጨረሱት ይመዝግብ፣ እስከ 7 ቀን የሞቱትንም ይቁጠር። ሦስቱ ገንዳዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ከሌሎቹ ሦስት ጋር ከሚለያዩት በላይ ከሆነ ምርቱ ውጤት አላሳየም።

ከጉዞ በፊትና በኋላ

ፕሮባዮቲክ በጭንቀቱ ዕለት ቢሰጥ ምንም አያደርግም። ቢያንስ ከ2 ሳምንት፣ ቢቻል ከ4 ሳምንት በፊት ተጀምሮ በየቀኑ መሰጠት አለበት። ሲቋረጥም ከአንጀት ቀስ በቀስ ታጥቦ ያልቃል፤ ስለዚህ ጫጩት ሻጩ ስለሰጣቸው ብቻ ገዢው ጋ እድሜ ልክ የተጠበቁ ናቸው ማለት አይደለም።

ለጉዞ ዓሦቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መኖ ይከለከላሉ፤ ይህን «ፕሮባዮቲኩ እንዳይቋረጥ» ብሎ መሻር አይገባም፣ የሞላ ሆድ የማጓጓዣውን ውሃ በአሞኒያ ያበላሸዋል። በማጓጓዣው ውሃ ላይ በሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው መጨመር ከሰውነታቸው የሚጠፋውን ጨው ይቀንሳል። እንደደረሱ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ማመሳሰል፣ ከዚያ በማግስቱ ከተለመደው መኖ ግማሹን በፕሮባዮቲክ ቀብቶ መጀመር፣ ያንን ከጨረሱ ብቻ በሦስተኛው ቀን ወደ ሙሉው መመለስ ነው። ፕሮባዮቲኩን ከደረሱ በኋላ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል፤ የተላጠው የአንጀት ልጋግ የሚተካውና ዘግይቶ የሚመጣው ሞት የሚታየው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።